በወርቅ የተለበጠ መቅረዝ፤ የፈረንሳይ ነሐስ ሠሪዎች ታሪክ

የፈረንሳይን የ18ኛውን መቶ ዓመት የእጅ ጥበብ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥዕሉና ከሐውልቱ፥ ወይም ከተዋበው ጠረጴዛና ከመሳቢያ ሣጥኑ ነው። መቅረዙ እንደ ትንሽ ዕቃ ተቈጥሮ ከሁሉ በኋላ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይዘለላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከመቅረዙ መነሣትን መርጠናል። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሥዕልና ሐር፥ መስተዋትና ዕብነ በረድ ሊታይ የሚችለው መቅረዙ ባበራለት መጠን ብቻ ነበረ። ሁለተኛ፥ በመቅረዙ ላይ የሚያበራው ወርቅ በምን ዋጋ እንደ ተገዛ ስለ ጥበብ በሚጻፉት መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ስለማይነገር፥ ነገሩን ከሥር ጀምሮ መተረክ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተመለከቱ መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የዚያ ዘመን ሌሊት ምን ያህል ጨለማ እንደ ነበረ በኤሌክትሪክ ብርሃን ላደገ ሰው መገመት ያስቸግረዋል። በድኻው ቤት የሚበራው ከበግና ከከብት ሞራ የተሠራ ሻማ ነበር። ይህም ይጨሳል፤ ይሸታል፤ ክሩም በየጊዜው ካልተቈረጠ ብርሃኑ ይደክማል። መሳፍንቱና ባለጠጎቹ በአንጻሩ እኛ ለጧፍ ከምናውለው ከንብ ሰም የተሠራውን ሻማ ያበሩ ነበር። ይህ ሰም እጅግ ውድ ስለ ነበረ፥ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ነዶ ሳያልቅ የቀረው ጉማጅ ሻማ ለአገልጋዮቹ እንደ ደንበኛ ጥቅም ይታሰብላቸው ነበር፤ እነርሱም እየሸጡ ይተዳደሩበት ነበር። አንድ ባለ 60 ዋት የክር አምፑል የሚሰጠው ብርሃን ከ60 ሻማ ብርሃን አያንስም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ 60 ሻማ በአንድ ክፍል ያበራ ሰው ትልቅ ግብዣ ያደረገ ሰው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ለመብራት ሠሪው የቀረበለት ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ከጥቂት ነበልባል ብዙ ብርሃን እንዴት ይገኛል? ለዚህም ሦስት ረዳቶች ነበሩት። እነዚህም መስተዋት፥ ክሪስታልና የተወለወለ ማዕድን ናቸው። የግድግዳ መቅረዞች ከእሳት ምድጃው በላይ በሚሰቀለው መስተዋት ግራና ቀኝ የሚተከሉት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ነበልባል በመስተዋቱ ውስጥ አራት ሆኖ እንዲታይ ነው። ከማዕድን ወገን ብር ብርሃንን በመመለስ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ብር ይጠቁራል፤ ከዚህም በላይ መንግሥት ገንዘብ ባጠረው ጊዜ ወደ እሳት ይገባል። ንጉሥ ሉዊ 14ኛው በ1689 ለጦርነት ወጪ ሲል የቬርሳይን የብር ዕቃ ሁሉ፥ ትላልቆቹን የብር መቅረዞች ጭምር፥ አስቀልጦ ገንዘብ አድርጎታል። ነሐስ ግን ቢያቀልጡት ከዋጋው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዋጋው ያለው በሠሪው እጅ ውስጥ ነውና። በላዩ የሚለበጠው ወርቅም አይጠቁርም፤ አይዝግም። ከብር ይልቅ በወርቅ የተለበጠው ነሐስ የአዳራሽ መብራት ሆኖ የገነነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፈረንሳይ ውስጥ የነገሠው የጌጥ ዓይነት ሮኮኮ የሚባለው ነበር። በዚህ ሥርዓት የተሠራ መቅረዝ እንደ ሐረግ ይጠማዘዛል፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠቀለላል፤ ግራውና ቀኙ አንድ አይሆንም። ውበት የለውም ልንል አንደፍርም፤ በዚህ ሥርዓት ከተሠሩት መካከል እጅግ የሚደነቁ አሉ። ነገር ግን ሻማ ቀጥ ብሎ መቆም የሚገባው ነገር ነው፤ ሰሙም ሲቀልጥ ይፈስሳል። ሻርል ኒኮላ ኮሼን የተባለው ሠዓሊና ቅርጽ አውጪ በ1754 «መርኩር ደ ፍራንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ለወርቅ ሠሪዎችና ለቀራጮች የተጻፈ የልመና ደብዳቤ አስመስሎ አንድ የሽሙጥ ጽሑፍ ባወጣ ጊዜ፥ ከነቀፋዎቹ አንዱ በቀጥታ መቅረዝን የሚመለከት ነበር። የመቅረዙ ግንድ ብርሃን ተሸካሚ ስለ ሆነ ቀጥ ይበል፤ የሰም መቀበያው ሳሕንም ሰሙን እንዲይዝ ጐድጐድ ይበል እንጂ ወደ ውጭ እንዲያንሸራትት ጕብጕብ አይበል የሚል ነው። ስለ ውበት የተነሣ ክርክር ከሰም ጠብታ መጀመሩ እኛን ደስ ያሰኘናል፤ ስለ ጥበብ ከሚጻፈው ብዙ የረቀቀ ንግግር ይልቅ ይህ ሰው ዕቃውን በእጁ ይዞ ያየው መሆኑን ያስረዳልና።

ኮሼን ይህን ሐሳብ ያገኘው ዝም ብሎ አልነበረም። ከ1749 እስከ 1751 የንጉሡን ሕንፃዎች በበላይነት ለማስተዳደር ከታጨው ከማርኪ ደ ማሪኚ ጋራ ኢጣልያን ተዘዋውሮ ጐብኝቶ ነበር። በናፖሊ አጠገብ በቬሱቭዮስ እሳተ ገሞራ ተቀብረው የኖሩት የሮማውያን ከተሞች በዚያን ዘመን መቈፈር ጀምረው ነበር፤ ሄርኩላኔውም በ1738፥ ፖምፔይ በ1748። ከአመዱ ሥር ሐውልትና የግድግዳ ሥዕል ብቻ ሳይሆን የነሐስ መብራቶችና ረጃጅም መቅረዞችም ወጡ። በመጻሕፍት የሚነበበው የጥንት ዘመን እንደ ማናቸውም ቤት የመብራት ዕቃ እንደ ነበረው ታየ። ከዚህ በኋላ የፓሪስ ሰው ዓይኑን ወደ ጥንቱ መለሰ፤ በ1760ዎቹ ዓመታትም በከተማው ጠጕር አሠራሩም፥ ጨርቁም፥ የትንባሆ መያዣውም ሳይቀር «በግሪክ አምሳል» ይባል ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ የዚህ ሥርዓት ዕቃዎች፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከባድና ደረቅ ናቸው። ቤተ መቅደስን አሳንሶ በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ መቅረዝ አያሰኘውም። ሥራው የጠራው ከ1770 በኋላ ነው። ግንዱ ቦይ ቦይ የወጣለት ዓምድ ይሆናል፤ ከላዩ የጥንት ማሰሮ ይቀመጥበታል፤ ቅርንጫፎቹ ከአካንቱስ ቅጠል ውስጥ ይወጣሉ፤ የአውራ በግ ራስ፥ የሎሬል ቅጠል ጉንጉን፥ የዕንቍ ድርድር በየስፍራቸው ይገባሉ። ግራው ከቀኙ ጋራ ይመዛዘናል። ጌጡ ሁሉ ወደ ነበልባሉ የሚያመራ እንጂ ዓይንን ከነበልባሉ የሚያርቅ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራ ቤቱ እንግባ። በፓሪስ አንድ መቅረዝ ከአንድ ሰው እጅ አይወጣም ነበር፤ የሙያ ማኅበራቱ ሕግ አይፈቅድምና። ነሐስ አፍሳሹና ቀራጩ በአንድ ማኅበር፥ ወርቅ ለባጩ በሌላ ማኅበር ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲሠራ ቢገኝ ይከሰሳል። በ1776 ሚኒስትሩ ቱርጎ ማኅበራቱን በሙሉ ሻረ፤ እርሱ ከሥልጣን በወረደ በጥቂት ወር ውስጥ ግን እንደ ገና ተቋቋሙ፤ በዚህ ጊዜ አፍሳሾችና ለባጮች በአንድ ላይ ተጣመሩ። ጨርሶ የቀሩት በ1791 በአብዮቱ ሕግ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከወረቀት ላይ ንድፍ ነው። ቅርጽ አውጪው በሰም ወይም በእንጨት አምሳሉን ያዘጋጃል፤ አፍሳሹም አምሳሉን በአሸዋ አትሞ የቀለጠውን ማዕድን ያፈስሳል። ይህ ማዕድን ነሐስ ይባል እንጂ፥ ከመዳብ ቀጥሎ የሚበዛበት ዚንክ ነው፤ ቆርቆሮና እርሳስ በጥቂቱ ይገቡበታል። አንድ መቅረዝ በአንድ ጊዜ አይፈስስም፤ ቅርንጫፉ፥ ሳሕኑ፥ ማሰሮው፥ ጉንጉኑ ለየብቻ ፈስሰው በኋላ በብሎን ይገጣጠማሉ። ከአሸዋው የወጣው ነሐስ ሻካራ ነው። ቀራጩ በመሮና በትንንሽ መምቻ የቅጠሉን ጅማት፥ የበጉን ጠጕር፥ የአበባውን ጫፍ ያወጣለታል። ከወጪው ብዙውን ድርሻ የሚወስደው ይህ ቀረጻና ከዚህ በኋላ የሚመጣው ልበጣ ነበር።

ልበጣው በእሳት ነው። በደቃቁ የተፈጨ ወይም በስሱ የተቀጠቀጠ ወርቅ ከባዚቃ ጋራ ይሞቃል፤ መጠኑም ለአንድ እጅ ወርቅ ስምንት እጅ ያህል ባዚቃ ነው። ወርቁ በባዚቃው ውስጥ ይሟሟና እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሊጥ ይሆናል። ትርፉ ባዚቃ በስስ ቆዳ ተጨምቆ ይወጣል። ነሐሱ ባዚቃ በተቀላቀለበት የናይትሪክ አሲድ ከታጠበ በኋላ፥ ያ ሊጥ በናስ ሽቦ ብሩሽ ይቀባበታል። ከዚያ በከሰል ፍም ላይ ይያዛል። ባዚቃው ተንኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ከነሐሱ ጋራ ተጣብቆ ይቀራል። ፈረንሳውያን ይህን ወርቅ «ኦር ሙሉ» ይሉታል፤ የተፈጨ ወርቅ ማለት ነው። እንግሊዞችም ቃሉን ወስደው ዕቃውን ሁሉ «ኦርሞሉ» ብለው ጠሩት።

ልበጣው ባለቀ ጊዜ ገና ግማሹ ሥራ ይቀራል። የሚያብረቀርቀው ክፍል አጌት ወይም ሔማቲት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ እየታሸ እንደ መስተዋት ይወለወላል። እንዳያብረቀርቅ የሚፈለገው ክፍል ደግሞ በጨው፥ በጨው ባሩድና በሻብ ድብልቅ ተቀብቶ ከጋለ በኋላ በውሃ ይነከራል፤ ያን ጊዜ ገጹ እንደ ኮክ ቆዳ የለሰለሰና ብርሃንን በዝግታ የሚመልስ ይሆናል። ይህን ደብዛዛ ልበጣ ወደ ፍጹምነት ያደረሰው ፒዬር ጉቲዬር መሆኑን ዘመነኞቹ ሁሉ መስክረዋል። በአንድ ቅጠል ላይ ጫፉ የሚያንጸባርቅ፥ ሆዱ ደብዛዛ ሲሆን፥ የሻማው ነበልባል በነፋስ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ቅጠሉ ራሱ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። የጥበቡም ምሥጢር ይህ ነው፤ ወርቁ የተሠራው ለሚንቀጠቀጥ ብርሃን ነው።

ጉቲዬር በ1732 በባር ሱር ኦብ ተወልዶ በ1758 በፓሪስ የወርቅ ለባጮች መምህርነት ማዕርግ አገኘ። ከደንበኞቹ ዋነኞቹ የኦሞን መስፍንና የንጉሥ ሉዊ 15ኛው ወዳጅ መዳም ዱ ባሪ ነበሩ። ለዱ ባሪ በሉቭስየን የታነጸውን፥ በ1771 የተመረቀውን ትንሽ ቤት በነሐስ ሥራው አስጊጧል። ለማዛሪን ዱሼስ የሠራቸው፥ ቅርንጫፎቻቸው በአደይ አምሳል የወጡት የግድግዳ መቅረዞችም ከሥራዎቹ ሁሉ ከተመረጡት ናቸው። የኦሞን መስፍን በ1782 ሞቶ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ፥ የጉቲዬር እጅ ያረፈባቸው ዕቃዎች በዝርዝሩ መጽሐፍ ላይ በስሙ መጀመሪያ ፊደል ተለይተው ተጻፉ። ለአንድ የእጅ ሠራተኛ ይህ በዚያን ዘመን ያልተለመደ ክብር ነበር። ንጉሥ ሉዊ 16ኛውና ንግሥት ማሪ አንቷኔት ከገዢዎቹ መካከል ነበሩ፤ ንግሥቲቱ ለአንድ የሽቱ ማጠኛ 12,000 ሊቭር ከፍላለች። ይህ ማጠኛ ዛሬ በለንደን በዋላስ ስብስብ ይገኛል።

ክብሩ ይህን ያህል ሲሆን ኪሱ ግን ባዶ ነበር። መሳፍንቱ ያዛሉ፤ ይረከባሉ፤ ክፍያውን ግን ከዓመት ወደ ዓመት ያሸጋግራሉ። ወርቁንና ባዚቃውን፥ የሠራተኛውንም ደመወዝ በቅድሚያ የሚያወጣው ሠሪው ነው። ጉቲዬር በ1787 ዕዳውን መክፈል ተስኖት ከሰረ። ዱ ባሪ በታኅሣሥ 1793 በጊዮቲን ስትገደል ያልተከፈለው ብዙ ዕዳ አብሮ ተቀበረ፤ እርሱም ከተወረሰው ንብረቷ ገንዘቡን ለማግኘት ለብዙ ዓመት ቢከራከርም በ1813 በድኽነት ሞተ።

የጉቲዬር ዕዳ በመዝገብ ተጽፎ የቀረ ነው። ሌላም በመዝገብ ያልተጻፈ ዕዳ ነበር። ከፍሙ ላይ የሚተንነው ባዚቃ የት ይሄዳል? ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ለባጩ ሳንባ ነው። ሥራ ቤቶቹ ጠባብ ነበሩ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣም መስኮቱ ይዘጋል። ለባጩ ዕቃውን በአንድ እጁ እያገላበጠ በሌላው ብሩሹን ይዞ በፍሙ ላይ ያጐነብሳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ድዱ ያብጣል፤ ጥርሱ ይወልቃል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል። ብሩሽ የሚይዘው እጅ ጽዋ ወደ አፉ ማድረስ ይሳነዋል። ይህም ነገር ያልታወቀ አልነበረም። ኢጣልያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንዱን የሰጠው ለወርቅ ለባጮች ነው። እንግዲህ ጉቲዬር ከመወለዱ 32 ዓመት አስቀድሞ አደጋው በመጽሐፍ ታትሞ ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ያንን ወርቅ የሚሰጥ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ገዢውም ወርቁን ይፈልግ ነበር።

አብዮቱ በመጣ ጊዜ ገዢው ጠፋ። ከነሐሴ 1793 እስከ ነሐሴ 1794 የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ዕቃ በጨረታ ተሸጠ፤ የተሸጠውም ከ17,000 ዕጣ በላይ ነበር። ከመቅረዞቹ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ገቡ። ነሐስ አፍሳሾቹም ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ፤ ከእነርሱ መካከል በ1751 የተወለደው ፒዬር ፊሊፕ ቶሚር ሥራ ቤቱን የጦር መሣሪያ መሥሪያ አደረገው።

ቶሚር ግን እንደ ጉቲዬር ከአሮጌው ሥርዓት ጋራ አልወደቀም። በ1804 የሊኝሩን የንግድ ቤት ገዝቶ ሥራውን አስፋፋ፤ በደኅናው ጊዜ ሠራተኞቹ እስከ 800 ይደርሱ እንደ ነበር ይነገራል። ማኅበራቱ ስለ ቀሩ ንድፉም፥ መፍሰሱም፥ ቀረጻውም፥ ልበጣውም በአንድ ጣራ ሥር ሆነ። ናፖሌዎን ቤተ መንግሥቶቹን እንደ ገና ሲያስጌጥ የሚፈልገው የንጉሠ ነገሥትነት ግርማ ነበርና፥ ፔርሲዬና ፎንቴን የተባሉት መሐንዲሶች ባወጡት ንድፍ መሠረት መቅረዙ መልኩን ለወጠ። ክንፍ ያላቸው የድል ምስሎች ሻማውን በራሳቸው ላይ ተሸከሙ፤ ከ1798ቱ የግብፅ ዘመቻ ወዲህ ስፊንክስና የግብፅ ሴቶች ምስል በረከተ። ይህን ሥራ ታላቅ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ ግን የ1780ዎቹን እንመርጣለን፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መቅረዝ ከብርሃኑ ይልቅ የባለቤቱን ሥልጣን ለማሳየት የቆመ ይመስለናል። በጥራት ረገድ ግን ነቀፋ አይገኝበትም።

በዚሁ ዘመን ከቶሚር ጋራ በስም የሚወዳደር አንቷን አንድሬ ራቭሪዮ የሚባል ነሐስ ሠሪ ነበር። ለናፖሌዎን ቤተ መንግሥቶች መቅረዝና ሰዓት ያቀርብ ነበር፤ በትርፍ ጊዜውም ዘፈንና አጫጭር የቲያትር ጨዋታ ይጽፍ ነበር። ይህ ሳቂታ ሰው ለባጮቹ በዓይኑ ፊት ሲንቀጠቀጡ ሲያይ ኖሯል። በ1814 ሲሞት በኑዛዜው 3,000 ፍራንክ ትቶ፥ ለባጮችን ከባዚቃ አደጋ የሚያድን ዘዴ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት እንዲሆን አዘዘ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ንግሥቲቱ ለአንድ ማጠኛ ከከፈለችው ጋራ ሲተያይ ኢምንት ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከወርቁ ባለጸጋ ከሆኑት መካከል ስለ ለባጩ እስትንፋስ ገንዘብ የመደበ ሌላ ሰው እኛ አላገኘንም።

ሽልማቱን በ1818 ከፓሪስ የሳይንስ አካዴሚ የተቀበለው ዣን ፒዬር ዳርሴ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። የመፍትሔው ብልሃት ቀላል ነው። ምድጃውን ከረጅም ጭስ ማውጫ ጋራ ያገናኘዋል፤ በጭስ ማውጫው ውስጥም ሌላ ትንሽ እሳት ያነድበታል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከክፍሉ ያለውን አየር ስቦ ይወስደዋል፤ የባዚቃውም እንፋሎት ወደ ለባጩ ፊት ከመምጣት ይልቅ ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። ከለባጩ ፊት ለፊት መስተዋት ይደረጋል፤ እጁ ብቻ ከሥር ይገባል። ዳርሴ ይህን ሁሉ በሥዕል እያስረዳ ነሐስን ስለ መለበጥ የጻፈው መጽሐፍ ዛሬ ስለ ሙያው ለሚያጠኑ ሰዎች ዋነኛ ምንጭ ነው። ለሠራተኛው ጤና ተብሎ የተጻፈ መጽሐፍ የጥበቡን አሠራር ለታሪክ ጠብቆልናል።

ሻማውም በበኩሉ ሥልጣኑን ይለቅ ጀምሮ ነበር። የጄኔቫው አሚ አርጋን በ1784 በእንግሊዝ አገር ያስመዘገበው የዘይት መብራት ክሩ ክብ ሆኖ መካከሉ ክፍት ስለ ነበረ አየር በውስጥም በውጭም ያገኛል፤ በላዩም የመስተዋት ጭስ ማውጫ አለው። አንዱ መብራት ከስድስት እስከ ዐሥር ሻማ የሚያህል ብርሃን ይሰጥ ነበር። በፓሪስ ኬንኬ የተባለ ሰው ሐሳቡን ወስዶ ስላስፋፋው መብራቱ በፈጣሪው ስም ሳይሆን በኬንኬ ስም ተጠራ፤ አርጋንም እንደ ጉቲዬር ከሥራው ሳይጠቀም ቀረ። የባዚቃው ልበጣ የበላይነቱን ያጣው ከ1840 በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ኤልኪንግተንና ፈረንሳዊው ሩኦልዝ ወርቅን በኤሌክትሪክ ኃይል በነሐስ ላይ የማሳረፍን ዘዴ አገኙ፤ በ1842 ክሪስቶፍል የተባለው የፓሪስ ነጋዴ መብቱን ገዝቶ በፋብሪካ ይሠራበት ጀመር። የኤሌክትሪኩ ልበጣ ስስ ነው፤ መልኩም ቀዝቃዛ ነው ብለው ዐዋቂዎች ይነቅፉታል። ነቀፋው እውነት ነው፤ ለባጩ ግን ከዚያ ወዲህ ጽዋውን በእጁ ይዞ ይጠጣል።

የጥንቶቹ መቅረዞች ዛሬ በሉቭር፥ በቬርሳይ፥ በለንደን በዋላስ ስብስብና በሌሎችም ቤተ መዘክሮች ይታያሉ። የጉቲዬር ሥራዎች ብቻቸውን ተሰብስበው ከ2016 እስከ 2017 በኒው ዮርክ በፍሪክ ስብስብ፥ ቀጥሎም በፓሪስ ለሕዝብ ቀርበው ነበር። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ በዕቃው ላይ ስማቸውን ስላልጻፉ፥ አንድን መቅረዝ የእገሌ ነው ለማለት የሒሳብ ወረቀትና የጨረታ ዝርዝር ማገላበጥ ያስፈልጋል። ከብዙዎቹ መቅረዞች ግንድ ውስጥ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማሳለፍ የተበሳ ቀዳዳ ይገኛል፤ በሻማው ስፍራም አምፑል ተተክሏል። በማይንቀሳቀሰው በዚህ ብርሃን የሚያንጸባርቀው ጫፍና ደብዛዛው ሆድ ልዩነታቸው ጠፍቶ ቅጠሉ አንድ ቢጫ ገጽ ይመስላል። መቅረዙን እንደ ሠሪው አሳብ ማየት የሚሻ ሰው አምፑሉ እንዲጠፋ ጠይቆ አንዲት ሻማ ያስበራ፤ ከዚያም ጥቂት ይቆይ።